የአርቦዬ መንገድና የካምቢዮ ድምፅ

በኅዳር ወር መጨረሻ፥ በአርሲ በጀጁ ወረዳ በምትገኘው በአርቦዬ ከተማ አንድ ዘመዳችን ስላረፉ፥ ቤተ ሰቡን ማጽናናት ይገባናልና አክስታችንን ይዘን ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን። የተሳፈርንባት ቶዮታ ኮሮላ ባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ስትሆን፥ በዕድሜዋ የቆየች፥ ለቤታችንም የብዙ ዘመን ቁጠባ ፍሬ ናት።

እውነቱን ለመናገር፥ ከጉዞው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ከሞተሩ ክፍል እንደ ንብ መንጋ የሚያጓራ ድምፅ እንሰማ ነበር። በከተማ አንድ መካኒክ ድምፁን ከሩቅ ሰምቶ፥ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፥ «ካምቢዮው አልቋልና ይለወጥ» ብሎ ከዐቅማችን በላይ የሆነ ዋጋ ጠራብን። እኛም በልባችን ሌላ ምክር መከርን፤ ይኸውም ድምፁን ሳንናገር አውቶሞቢሏን ለመሸጥ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፥ የቆየች መኪና ገዢ አታጣም ብለን ነበር። ይህን አሳብ በመንገድ ላይ ቀስ ብለን ስንነጋገር አክስታችን ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙ ኖሯል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ምንም አልተናገሩም።

አዳማን አልፈን ወደ ደቡብ ስንወርድ መንገዱ በመልካሳ አጠገብ አዋሽን ይሻገራል። ከወንዙ ማዶ ምድሩ እንደ ገና ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ግራሩ እየሳሳ የእህሉ እርሻ እየሰፋ ይመጣል። ደራ ላይ ከአሰላው መንገድ ተለይተን ወደ ምሥራቅ ስናቀና፥ ስንዴው ደርሶ በአንዳንዱ እርሻ የማጨጃ መኪና ሲያጭድ፥ በአንዳንዱም ገበሬው ከልጆቹ ጋራ በማጭድ ሲያጭድ አየን። እህል ለዐይን እንዲህ ጠግቦ በሚታይበት አገር ወደ ለቅሶ መሄድ ልብን ሁለት ያደርጋል።

ለአርቦዬ ጥቂት ሲቀረን አንድ ዳገት ጀመርን። በዚያን ጊዜ ማጓራቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ሞተሩ ይጮኻል፥ መኪናዋ ግን አትራመድም። ከመንገድ ዳር አውጥተን አቆምናት። የአገሩ ሰው ደግ ነውና ወዲያው ተሰበሰበ፤ አንዱ «እንግፋት» አለ፤ ሌላው ትራክተሩን አምጥቶ ገመድ ሊያስር ተሰናዳ። እኛም ደስ ብሎን ልንስማማ ስንል፥ ከከተማው በባጃጅ ተጠርቶ የመጣው የትራክተርና የጭነት መኪና ጠጋኝ እጁን አንሥቶ ከለከለ።

«በገመድ አትጎተትም፤» አለን። «የዚህችን ካምቢዮ ዘይት የሚያዞረው ሞተሩ የሚነዳው ፓምፕ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቿ ሲሽከረከሩ ውስጧ ዘይት ሳያገኝ ይፋጫል። የግድ ከተባለም የፊቱ እግር ከመሬት ተነሥቶ ነው። ተገፍታም አትነሣም።»

አንባቢ ነገሩን ይረዳ ዘንድ ስለዚህ መሣሪያ ጥቂት ቃል እንጨምር። አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ማርሽ የሚለወጠው በነጂው እጅና በፍሪሲዮን ነበር። ኋላ ግን ፎቲንገር የተባለው የጀርመን መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓመት ኀይልን በፈሳሽ አማካይነት የማስተላለፍን ጥበብ አሳየ፤ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስም ይህን ጥበብ ተከትሎ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ አወጣ። በዚህ ዐይነቱ ካምቢዮ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ኀይሉን ከሞተር የሚቀበለውም፥ የማርሹን ሸክላዎች አጥብቆ የሚይዘውም፥ ሙቀቱን የሚያወጣውም እርሱ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ቢጎድል ሁሉ ይጎድላል።

ጠጋኙ ሥራውን የጀመረው በመፍታት ሳይሆን በመስማት ነው። በመጀመሪያ ማርሹን በማቆሚያው ላይ አድርገን ሞተሩን እንድናስነሣና ቤንዚን ቀስ ብለን እንድንሰጥ አዘዘ፤ ድምፁም ከሞተሩ ጋራ ወጣ፥ ከሞተሩ ጋራ ወረደ። «እንግዲህ የጎማ ኩሽኔታ አይደለም፤» አለ፤ «እርሱ ቢሆን ቆማ አትጮኽም ነበር፤ ጩኸቱም የሚከተለው የጎማውን ፍጥነት ነው።» ቀጥሎ ረጅም ካቻቢቴ አንሥቶ እጀታውን ከጆሮው፥ ጫፉን በየተራው ከዲናሞው፥ ከመሪው ፓምፕና ከካምቢዮው ቤት ላይ አስደገፈ። ድምፁ የበረታው በካምቢዮው ፊት፥ ፓምፑ ባለበት ነው። ሦስተኛ፥ ፍሬን ይዘን ወደ ፊት መሄጃው ማርሽ እንድናስገባ አደረገ፤ ማርሹ ዘግይቶ በድንገት ያዘ። አራተኛ፥ ሞተሩ ሳይጠፋ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ነበር፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ የተለወጠ ቀይ ቢሆንም፥ የመቃጠል ሽታ አልነበረውም፥ የብረት ብናኝም አልታየበትም።

ከዚህ በኋላ ከሥር ገብቶ ዘይቱን ወደ ራዲያተር የሚወስደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ሲያነባ አገኘው። ነገሩ ይህ ነበር፤ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ስለሚስብ ይጮኻል፤ ዘይቱ አረፋ ስለሚሆን ሸክላው አይዝም።

በማታም በለቅሶው ቤት አጠገብ ተቀምጠን ስንጠይቀው የሌሎቹን ድምፆች ትርጉም ነገረን። ማርሽ ውስጥ ገብታ ፍሬን ተይዞ ስትቆም የሚያጓራ፥ ማርሹ ሲወጣ ግን ዝም የሚል ድምፅ ኀይሉን በዘይት ከሚያስተላልፈው ክፍል ሊሆን ይችላል። በአንዱ ማርሽ ተሰምቶ በሌላው የሚጠፋው ከውስጥ ጥርሶች ነው። መሪ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚለው ከጎማው ዘንግ መጋጠሚያ ነው። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስንለውጥ ዱብ የሚለው ብዙ ጊዜ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚሸከመው ጎማ ሲያልቅ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለ ቦሎን ሲላላ ደግሞ የሞተር መንኳኳት መስሎ ብዙ ሰው ሞተሩን በከንቱ ያስፈታል።

ትክክለኛው ዘይት በቅርብ ስላልነበረ አንድ ሰው የሞተር ዘይት እንድንጨምር መከረን። ጠጋኙ ግን «የተሳሳተ ዘይት ከመጨመር አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል» ብሎ አልተቀበለም። በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈውን ዐይነት በማግሥቱ ከአዳማ በሚኒባስ አስመጣን፤ ቱቦውም ተለወጠ፥ ድምፁም ጠፋ። የጠየቀን ዋጋ በከተማው መካኒክ ከተጠራብን ጋራ ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። ነገር ግን «ሸክላው ጥቂት ተጎድቶ ይሆናል፤ ከአንድ ወር በኋላ ዘይቱን እንደ ገና እዩት» ሲል አስጠነቀቀን።

ልንሰናበት ስንል አክስታችን ወደ ጠጋኙ ዘወር ብለው «ልጄ፥ ይህች መኪና ትናንት ተሸጣ ቢሆን ገዢው ምን ይሆን ነበር?» ሲሉ ጠየቁት። እርሱም ነገሩን ሳያውቅ «አዴ፥ ዳገት ላይ ቤተ ሰቡን ይዞ ይቆም ነበር፤ ካምቢዮውም ይቃጠል ነበር» ብሎ መለሰላቸው። አክስታችንም ወደ እኛ አዩ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚያ በደራ ተመልሰን ወደ አሰላ ወጣን፤ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ወደሚለው ደጋ መኪናዋ ያለ ጩኸት ዘለቀች። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጭላሎ ራስ ከደመናው በላይ ይታይ ነበር። መስኮቱን ከፍተን፥ ራዲዮኑን ዘግተን፥ ሞተሩን እየሰማን ሄድን።

መኪናዋን እስከ ዛሬ አልሸጥናትም። የምንሸጣት ቀን ሲመጣ፥ የተለወጠውን ቱቦ፥ የዘይቱን ዐይነትና ዳገቱ ላይ የሆነውን ሁሉ ለገዢው በወረቀት ጽፈን ልንሰጥ በቤታችን ተስማምተናል። ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ አክስታችንን ግን ያለ ኀፍረት እናያቸዋለን።