ከብርሃን የሚሸሽ ሞተር

"ማስተማር ምን አለው?" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ሞተርና ሁለት ሴንሰር አስይዛችሁ ሃያ ተማሪ ፊት አቁሙልኝ። እኔ አርባ ምንጭ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅዳሜ ክበብ ውስጥ ብርሃን የሚከተል ሞተር እንሥራ ተባባልን፤ ነገ ተነገ ወዲያ የሶላር ሰሌዳን ከፀሐይ ጋር የሚያዞር። እዚህ ፀሐይ ከሐይቆቹ ወገን ወጥታ ወደ ጋሞ ተራሮች ትገባለች። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ የምታልፈው በአናታችን አካባቢ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያዞር አንድ ሞተር ለጀማሪ ይበቃል።

አሠራሩም አያስፈራም። ሁለት የብርሃን ሴንሰሮች ጎን ለጎን ይቀመጡና በመሃላቸው የካርቶን ግድግዳ ይቆማል። ብርሃን ከቀኝ ሲመጣ ግድግዳው በግራው ላይ ጥላ ይጥላል። ብርሃን ያገኘው ሴንሰር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሲገናኝ ለውጡ በቮልቴጅ ይታያል። አርዱኢኖ የምትባለው ትንሽ ሰሌዳ ሁለቱን አወዳድራ ሞተሩን ብርሃን ወደበዛበት ታዞራለች። እኩል ሲሆኑ ታቆመዋለች። በቃ!

እናላችሁ… ሁሉን ገጣጠምን፣ የስልክ ባትሪ አበራን፣ ሞተሩ ፊቱን አዞረብን! መብራቱን በቀኝ ስናመጣ ወደ ግራ፣ በግራ ስናመጣ ወደ ቀኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። "ቲቸር፣ ይሄ ጅብ ነው እንዴ?" አለኝ አንዱ።

ችግሩ ወዲያው ገብቶኛል፤ የሴንሰሮቹ ገመድ ተቀያይሯል። ላስተካክል እጄን ስዘረጋ ፕላዝማ ትዝ አለኝ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። የቴሌቪዥኑ መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ራሱ ይመልሳል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ "እኔ ደረስኩበት" ያልኩት ነገር ግን ትዝ አይለኝም።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። "ለምን ሸሸ?" ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ማለት ሲከብድ! አንዱ ኮዱን ወቀሰ፣ ሌላው ባትሪውን። ሰዓቱ አለቀ፣ ተበሳጭተው ወጡ። "እሱም አያውቀውም" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሃያዎቹ አሥራ አንዱ ብቻ መጡ። ከኋላ ተቀምጣ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ በጣቷ አንዱን ሴንሰር ሸፈነችና ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን ቁጥር አየች። ከፈተች፣ ደግማ ሸፈነች።

"ቲቸር፣ የቀኙን ስሸፍን የሚወርደው የግራው ቁጥር ነው።"

ሳትጠይቀኝ ሁለቱን ገመዶች ነቅላ አቀያየረች። ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ዘጠኙ ግን እስካሁን አልተመለሱም። ያን ቀን መልሱን ብነግራቸው ኖሮ ይቀሩ ነበር? ይሄ ያብከነክነኛል። ልጅቷ ደግሞ ሌላ ይዛ መጥታለች፦ "ቲቸር፣ ደመና ሲሆንስ ወዴት ይዞራል?"

እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።