ቀይዋ መብራት ዋሸች ወይስ ታማች?

አጼ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን ደረስጌ ማርያምን ለመሳለም ከደባርቅ የሚነሳ ሰው ሳንቃበርን፣ ጨነቅን አልፎ፣ በቧሂት በኩል ከ4000 ሜትር በላይ ወጥቶ ነው ጃናሞራ የሚወርደው። መኪናው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ጣሳ ምስል ያላት ቀይ መብራት መንገድ ላይ ብልጭ ማለቷ አይቀርም። ሹፌሩም «ተዋት፣ ውሸቷን ነው» ይላል።

አንዳንዴ እውነቱን ነው። ሞተሩ ላይ የተጠመደችው ትንሽ ሴንሰር የዘይቱ ግፊት ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ሽቦዋን ከሞተሩ ብረት ጋር ታገናኛለች፤ መብራቷ ትበራለች። ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ ወይም ሴንሰሯ ብትበላሽ ግን ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ትበራለች።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደበራች ነው። ኮረኮንች ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር ብልጭ ካለች ሽቦውን ጠርጥሩ። ሊማሊሞ ላይ መሪው እስከ ጥግ በተጠመዘዘ ቁጥር ከሆነ ግን አልዋሸችም፤ ታምታለች። ዘይቱ ጎድሏል። መኪናው ሲያዘነብል የቀረችው ዘይት ወደ አንድ ጎን ትሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል።

የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው። በደባርቅ የጠዋት ብርድ መብራቷ ሳትበራ ትቆያለች፤ አዲአርቃይ ቆላው ውስጥ ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ ሲሠራ ትበራለች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ትጠፋለች። ዘይት ሲግል ይቀጥናል፣ ውስጡ የተበላ ሞተር ደግሞ በቀጠነ ዘይት ግፊት መያዝ ያቅተዋል። ወፍራም ዘይት ጨምሮ መብራቷን ማስጠፋት የተለመደ ዘዴ ነው። ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

ስትበራ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። ሜዳ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ በዘንጉ ዘይቱን ለኩ። ልኩ ሙሉ ከሆነ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የሴንሰሯን ሽቦ ንቀሉ። መብራቷ አልጠፋ ካለች ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል። ከጠፋች ሽቦው ነጻ ነው፤ የቀረው ወይ ሴንሰሯ ወይ ግፊቱ ራሱ ነው። ይህን የሚለየው ሴንሰሯን ፈትቶ በቦታዋ የግፊት መለኪያ ጌጅ የሚያስር መካኒክ ነው። ጌጅ ሳያስር «ሞተሩ ይውረድ» የሚላችሁን አትመኑ፤ «ምንም አይደል፣ ንዱት» የሚላችሁንም እንደዚያው። ሴንሰር መለወጥ ከሞተር ማውረድ ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ከሁሉ የሚከፋው ሽቦዋን ቆርጦ መኪናውን የሚሸጠው ነው። አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍታችሁ ቀይዋን ፈልጓት። መብራት አለባት። ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል ወይ ሆን ተብሎ ተቆርጣለች፤ ምክንያቱን ሳታውቁ ቀብድ አትክፈሉ።