«እኔ ጋ ይሠራል!»

ለማስተማር ልምምድ ሞጆ፣ መቂና ባቱ ተበታትነን ሳለን አንድ የጋራ ሥራ ነበረን፦ የተማሪዎችን ስም መዝግቦ ውጤት የሚደምር ፕሮግራም። በሳምንቱ እያንዳንዳችን በያለንበት እንጽፋለን፤ ዓርብ ማታ አዳማ ስንገናኝ በጊት አንድ ላይ እናዋሕደዋለን። ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው፣ ማን ምን እንደ ለወጠ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ይይዛል እንጂ ልክ ነው ስሕተት ነው ብሎ አይፈርድም። እኛ ግን ይህን ልብ አላልነውም።

አንድ ዓርብ ጉድ ፈላ። አንዳችን ስም ፍለጋ እንዲቀል ብሎ በመዝገቡ ውስጥ ሐንም ኀንም ኃንም ወደ ሀ ቀይሯቸዋል። ሌላችን ደግሞ በዚያው ሳምንት ውጤት የሚደመረው ስሙ ፊደል በፊደል ሲገጥም ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ለየብቻ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሲዋሐዱ ግን ስሙ በኃ የሚጀምር አንድ ልጅ ድምሩ ዜሮ ወጣና ሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ልጁ ምን ያህል እንደ ደነገጠ አይተናል። እኛ ደግሞ እርስ በርስ «ኧረ እኔ ጋ ይሠራል!» እንባባላለን።

ከዚያ በኋላ ነው ተከታታይ ውሕደት የሚባለውን የተከልነው። ኬንት ቤክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፉ ሥራን አጠራቅሞ ሳይሆን በየጊዜው ማዋሐድን ይመክራል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጊትሃብ ላይ ካለው የጋራ ማኅደራችን ውስጥ በያምል የተጻፈች አጭር የትእዛዝ ሰነድ ተቀመጠች። ማናችንም ሥራ በላክን ቁጥር፣ እዚያ ማዶ አንድ ባዶ ኮምፒዩተር ይነሣል፤ የሁላችንንም ሥራ ይወስዳል፤ መፈተኛዎቹን ያስኬዳል፤ ከዚያ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያሳያል። መፈተኛ ማለት ፕሮግራሙን «ይህን ስም ብሰጥህ ስንት ትደምራለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሌላ አጭር ፕሮግራም ነው። ማኅደሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ አይከፈልበትም፤ ስለዚህም የእውነተኛ ተማሪ ስምና ውጤት ፈጽሞ አላስገባንበትም። (ያምል በታብ የገባ መስመር አይቀበልም። ለዚህች ግማሽ ቀን ከስረናል።)

በመጀመሪያው ሳምንት ቀይ በራ። ጠፍቶ የቆየው መብራት ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጣና አንዳችን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሥራውን ላከ። የማዶው ኮምፒዩተር ሰዓት ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር እዚያ ገና ትናንት ነበር፤ ፕሮግራሙም የቀሪውን ቀን በትናንት መዘገበ። «እቺን መፈተኛ እናጥፋትና አረንጓዴ ይሁን» ያልን አልጠፋንም። ተጨቃጨቅን። ተማሪ ወደቀ ብሎ ጥያቄውን የሚሰርዝ መምህር ምን ይባላል? መፈተኛዋ ቀረች፤ ፕሮግራሙ ቀኑን ምንጊዜም በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲወስድ አደረግን።

አሁን ደግሞ የጳጉሜን ነገር ገትሮ ይዞናል። እንደ 2015 ዓ.ም. ባለው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን አላት፤ ፕሮግራማችን ግን ከ5 በላይ አያውቅም። በዚያች ቀን የተወለደ ልጅ ሊመዘገብ አይችልም ማለት ነው። መፈተኛውን ጽፈናል፤ ይህን ስንለጥፍ ቀይ ነው። መፍትሔው የታያችሁ ማታ ኮምፒዩተር ክፍል ብቅ በሉ።