ገበያ ሲያጋድል ማን ያቃናዋል?

ንግድ በጨዋታ መልክ ሲቀርብ የሚደበቅ ነገር የለውም። ሕጉ በሙሉ የተጻፈ ነው። ማን በምን እንደከበረ፣ ማን በምን እንደከሰረ ቁጭ ብሎ መቁጠር ይቻላል። በእውነተኛው ገበያ ግን ሕጉን ማን እንዳወጣው እንኳ በቅጡ አይታወቅም። ስለዚህ ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ገበያ ለመነጋገር ከአንድ አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ መነሳት ያዋጣል።

ጨዋታው «ትሬድ ዋርስ 2002» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ በፊት፣ አሜሪካውያን በስልክ መስመር እየደወሉ ከሌላ ሰው ኮምፒውተር ጋር ይገናኙ ነበር። ያ ኮምፒውተር ቡለቲን ቦርድ ይባላል። መልእክት ይለጠፍበታል፣ ጨዋታም ይጫወቱበታል። ጋሪ ማርቲን የሠራው ይህ ጨዋታ ምስል የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ሁሉ ጽሑፍ ነው። ተጫዋቹ መንኮራኩሩን እየነዳ በጠፈር ውስጥ ከወደብ ወደብ ይነግዳል።

ሸቀጡ ሦስት ብቻ ነው፦ የነዳጅ ማዕድን፣ የምግብ ምርትና መሣሪያ። እያንዳንዱ ወደብ ከሦስቱ አንዳንዱን ይሸጣል፣ አንዳንዱን ይገዛል። ጎበዝ ነጋዴ አንዱ የሚሸጠውን ሌላው የሚገዛ ሁለት ጎረቤት ወደቦች ፈልጎ ይመላለሳል። ዋጋ መከራከርም አለ፤ ብዙ ከጠየቀ ወደቡ አልፈልግም ይለዋል። ሲመላለስ ግን ወደቡ ይደርቃል። ሻጩ ይጎድልበታል፣ ገዢው ይጠግባል፣ ትርፉም ይቀንሳል። ወደቡ የሚያገግመው ቀን ሲያልፍ ነው።

አሁን የጉናን ዙሪያ አስቡት። ደጋው ገብስና ድንች ያወጣል፣ በግ ያረባል። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው የስማዳ ቆላ ደግሞ ማሽላና ጤፍ አለው። አንዱ የተረፈውን ሌላው ይፈልገዋል። የአጋሰስ ነጋዴ ይህን ያወቀው ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው።

የጨዋታው ችግር የሚጀምረው ቀድሞ የገባው ሰው ሲከብር ነው። ያተረፈ ትልቅ መንኮራኩር ይገዛል፤ በትልቁ መንኮራኩር በአንድ ጉዞ የበለጠ ይጭናል፤ የበለጠ ያተርፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣ ጀማሪ ወደቦቹን ደርቀው ያገኛቸዋል። እንዲህ ከቀጠለ ጀማሪው ይተወዋል፤ አሸናፊውም ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የቦርዱ ባለቤት ሚዛኑን የሚያስተካክልባቸው ቁልፎች ተሰጥተውታል። አንድ ተጫዋች በቀን ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ይወስናል። ወደቦች በቀን ስንት በመቶ እንደሚያገግሙ ይወስናል። ጀማሪ በስንት ገንዘብ እንደሚነሳም ይወስናል።

የቀን እርምጃ ገደብ ከሁሉም ብልህ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ሙሉ ቀን ቢቀመጥም፣ ማታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ከሚደውለው የበለጠ አይራመድም።

የእኛ አገር ገበያ ይህን ሕግ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስሙ የገበያ ቀን ነው። የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ትባላለች። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በደራ ወረዳ ሐሙሲት አለች። ከተማ በገበያ ቀን ስም የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ገበያው በየቀኑ ስለማይውል ወደቡ ሳምንት ሙሉ ያገግማል። አንድ ነጋዴ በአንድ ቀን ሁለት ገበያ መዋል አይችልም። አንዲት ቁና ገብስ የያዘች ሴትም ገዢዎች ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ቦታ እንደሚገኙ ታውቃለች። ማንም ቢሮ ሳይቋቋምለት የኖረ የሚዛን ሕግ ነው።

ያን ሕግ ፍጥነት አናጋው። ጨዋታው ላይም የሆነው ይኸው ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መግባት ሲችል፣ በኋላም በኢንተርኔት ሲጫወት፣ ፈጣን መስመር ያለው ሌላውን ቀደመው። ሥራውን በኋላ የተረከበው ጆን ፕሪቼት በጨዋታው ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ መዘግየት እስከመጨመር ደርሷል። በጋይንት ደግሞ ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልዲያ የሠሩት መንገድ፣ ቀጥሎ አይሱዙው፣ ቀጥሎ ሞባይሉ መጣ። እነዚህ በረከት ናቸው፤ ማንም ወደ አጋሰስ እንመለስ አይልም። ነገር ግን የደብረ ታቦርን ዋጋ ሐሙስ ማታ በስልክ ያወቀ ነጋዴና ዋጋውን አርብ ጠዋት ገበያ ላይ ከደላላ አፍ የሚሰማ ገበሬ እኩል አይከራከሩም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ፈተና «ነጋዴውን ምታው» ነው። ይህን አይተነዋል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ይወስድ ነበር፤ በየመንገዱ ኬላ ቆሞ የግል ነጋዴው እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንዳያሻግር ይከለከል ነበር። ውጤቱ እህል የተረፈው አካባቢ ገበሬ በርካሽ መሸጡ፣ እህል ያጠረው አካባቢ ደግሞ በውድ መግዛቱ ነው። አሠራሩ በ1982 ዓ.ም. ቀረ። ሁለቱን ወደቦች የሚያገናኘውን ሰው ማጥፋት ወደቦቹን አያድናቸውም።

ሁለተኛው መንገድ ደካማውን መጠበቅ ነው። ጨዋታው ለጀማሪ የተከለለ ቦታ አለው፤ እዚያ ያደረ ሰው ተኝቶ ሳለ አይጠቃም። ግን ልምዱ ከተወሰነ ነጥብ ካለፈ ከለላው በአንድ ጊዜ ይነሳል። ስለዚህ አንዳንድ ተጫዋች ሆን ብሎ ከነጥቡ በታች ይቀመጣል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሕጉ ማደግን አደጋ ስላደረገበት ነው።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይህን በሴፍቲኔት ያውቁታል። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ነበር፤ 3 ኪሎ ያህል እህል ይገዛል ተብሎ የተሰላ ነው። የእህል ዋጋ ሲተኮስ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር ከፍ አለ። ገበያው ግን ከክፍያው ቀድሞ ሮጧል፤ ብዙ ተጠቃሚ ከብሩ ይልቅ እህሉ ይሰጠኝ ያለው ለዚህ ነው። የቁልፉ አያያዝ ትክክል ነበር፤ የተዞረው ዘግይቶ ነው። ምረቃ የሚባለውም ነገር አለ። ቤተሰቡ ጥሪት አፈራ ከተባለ ይወጣል። አንዲት ላም መግዛት ከድጋፍ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ላሟን ላለመግዛት ወይም በዘመድ ስም ለማሳደር የሚያስብ ሰው ቢኖር የሚወቀሰው ሰውየው ነው ወይስ ሕጉ?

ሚዛን የሚጠብቅ ሕግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ዋጋ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይሰማ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት የዋጋ ሰሌዳ ማቆሙ ጥሩ ነበር፤ የጋይንት በግና ድንች ግን እዚያ ሰሌዳ ላይ የሉም። በገበያ ዋዜማ በአካባቢ ሬዲዮ የሚነገር ዋጋ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ገበሬው የሚሸጥበትን ወር ራሱ ይምረጥ። የማዳበሪያ ዕዳና ግብር በጥር ስለሚጠየቅ ሁሉም በጥር ይሸጣል፤ ያኔ ወደቡ ይጠግባል፣ ዋጋው ይወድቃል። ያው ገበሬ በሐምሌ በውድ ይገዛል። የዕዳውን ቀን መግፋት ብቻውን ብዙ ያቃናል። ሦስተኛ፣ ከለላ እንደ ገደል በአንድ ጊዜ አይቋረጥ፤ እንደ ዳገት መንገድ ቀስ እያለ ይቀንስ።

በጨዋታው ላይ ሚዛኑ ጨርሶ ሲበላሽ የቦርዱ ባለቤት ዓለሙን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል፤ ሁሉም ከዜሮ ይነሳል። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ ስትዘረፍ ሱቁ የተራቆተበት ሰው ግን ከዜሮ አልተነሳም። ዕዳው እንዳለ ነበር፤ ከዜሮ በታች ነው የተነሳው። ስለዚህ ሕግ የሚያወጡ ሰዎች መጥነው መደቆስ ያለባቸው ድስቱ ሳይጣድ ነው። እናንተስ በአካባቢያችሁ ገበያ የትኛው ቁልፍ መዞር አለበት ትላላችሁ?