ቆጮውን ማን ደበቀው?

የእህቴ ልጅ ከሜልቦርን መጥቶ ነበር። እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛውን ከእናቱ፣ ኦሮምኛውን ከአያቱ በስልክ ነው የለቀመው፤ ሁለቱንም እየሰባበረ ይናገራቸዋል። «አጎቴ፣ አያቴ ያደገችበትን አገር አሳየኝ» አለኝ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጣን። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን እያለፍን አምቦ ስንደርስ ቁርስ ሰዓት ሆኖ ነበር። ቁርሳችን እንቁላል ፍርፍር በዳቦ ነበር። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከአምቦ በወሊሶ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ጤፉ እየቀረ ገብሱ ይመጣል፤ ከገብሱ መሀል ደግሞ በየቤቱ ጓሮ እንሰት መታየት ይጀምራል። ለብርዱ ጋቢ ያስፈልጋል። ወንጪ ዛሬ በአስተዳደር ከደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው፤ ለአምቦ ልጅ ግን ጓሮው ነው። የተራራው ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ሐይቁ ከእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ተኝቷል፤ መሀሉ ላይ ደሴቱ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን።

አስጎብኚያችን የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎበዝ ነው። የተራራውን ከፍታ ያውቃል፣ የሐይቁን ጥልቀት ያውቃል፣ የወፎቹን ስም በእንግሊዝኛ ይዘረዝራል። ፈረስ በተራ ተሰጠን፤ ቁልቁለቱን ወረድን፣ በታንኳ ተሻገርን፣ ደሴቱን ተሳለምን፣ ወደ ፍል ውኃው ዞርን። ከአንድ ሰዓት በላይ በእንሰት መሀል ስንሄድ ቆይተናል። ቅጠሉ ፊታችንን እየዳሰሰን።

የእህቴ ልጅ ድንገት ቆመና ጠየቀ፤ «ይሄ ሙዝ ነው?»

«አይደለም፤ ወርቄ ነው። እንሰት» አለ አስጎብኚው።

«ይበላል?»

«እኛ እንበላዋለን።»

«እኛ» ሲል ድምፁ ዝቅ አለ። ልጁ አላስተዋለም፤ እኔ ግን ያቺን ዝቅታ አውቃታለሁ። አምቦ ልጅ ሳለሁ ቤታችን አስተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ፣ እናቴ እሳት ላይ ያለውን የእንሰት ቂጣ፣ ቆጮውን፣ በአክንባሎ ሸፍና «ሮጥ በል፣ ዳቦ ግዛ!» ትለኝ ነበር። የገዛ እጇን ሥራ ደብቃ የሱቅ ዳቦ ታቀርባለች። እንግዳ ማክበር ማለት ለእኛ ቤት ያልሠራነውን ማብላት ነበር።

ምሳ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የተቀመጥንበት ቤት ያለው ጥብስና ማካሮኒ ብቻ ነበር። ማካሮኒው ቀዝቅዟል። በእንሰትና በገብስ ተከበን፣ የወንጪ ማር መንገድ ዳር እየተሸጠ፣ የቀዘቀዘ ማካሮኒ በላን።

ልጁ አንድ ነገር አጫወተኝ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሰሜን ኩዊንስላንድ ሄዶ ነበር፤ ኩያ ቢች ወደሚባል ባሕር ዳር። እዚያ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ኩኩ ያላንጂ የሚባሉት የአቦሪጂናል ሕዝቦች ናቸው። አስጎብኚዎቹም እነሱው ናቸው። ባሕሩ ሲሸሽ እንግዳውን በባዶ እግሩ ጭቃው ላይ ያስኬዱታል፣ ጦር ያስይዙታል፣ ሸርጣን የሚደበቅበትን ያሳዩታል። የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚሆን፣ የትኛው ፍሬ ሳይታጠብና ሳይበስል እንደሚመርዝ እየነገሩት። የተገኘው ሸርጣን ተቀቅሎ አብረው ይበሉታል። «እኔ የወጋሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አስጎብኚው ነው የረዳኝ» እያለ ይስቃል። ከአውስትራሊያ ጉዞው ሁሉ የማይረሳው ያንን ምሳ ነው።

እነዚያ ሰዎች ስንት ዓመት ቋንቋቸውም ምግባቸውም ሲናቅባቸው እንደኖረ ማስታወስ ያስፈልጋል። መሬታቸው እንኳ፣ ዴንትሪ የሚባለው ደን ጭምር፣ በሕግ የተመለሰላቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እንደዚያ የተገፋ ሕዝብ ጭቃ ውስጥ በሚለቀመው ምግቡ አላፈረም፤ የጉብኝቱ እምብርት አደረገው። እኛስ ማን ነክቶን ነው ቆጮውን የደበቅነው?

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2021፣ ወንጪም በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ውስጥ ገብቷል። ገንዘቡ የተሰበሰበው ለአንድ ወንበር እስከ 10 ሚሊዮን ብር በሚከፈልበት እራት ነበር። መንገዱም ግንባታውም ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ስሙን አስቡት እስቲ። ገበታ! በገበታ ስም የለማ አገር ሄደህ የአገሬውን ገበታ ካላገኘህ የሆነ ነገር ተዘሏል።

ወደ አስጎብኚያችን ልመለስ። ማካሮኒውን ገፋ አድርጌ «እናትህ ቤት ዛሬ ምን ተበላ?» አልኩት። አፈረ። «ጋሼ፣ እንትን ነው… ቆጮ ነው፤ በጎመን።» ቤቱ ሩቅ ነው? አይደለም። ሄድን።

እናቱ አዴ እያልኩ ስጠራቸው ሳቁ፤ ከእኔ ብዙም አይበልጡም። ፈረንጅ መሳይ ልጅ ይዤ ስገባ መጀመሪያ ያሉት ምን መሰላችሁ? «ውይ፣ ምንም የለም እኮ! ዳቦ ላስመጣ?» አምቦ፣ የእናቴ ድምፅ፣ ልክ እንደዚያው።

ከብዙ ልመና በኋላ ወደ ጓሮ ወሰዱን። ቆጮው የተቀበረበት ጉድጓድ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ከላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዩን አንሥተው ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉ ሽታው ወጣ። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያልለመደ ሰው ይደነግጣል። አዴ እየሳቁ አንድ እፍኝ አወጡና በሁለት እጃቸው ጨመቁት፤ ውኃው በጣታቸው መሀል ወረደ። ከዚያ በእንጨት ገበቴ ላይ አድርገው በቢላ ይከትፉት ጀመር፤ ቃጫው እስኪደቅ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚመታ። አሸት አሸት አድርገው ኮባው ላይ ዘረጉት፣ አጠፉት፣ ምጣድ ላይ ጣሉት። ኮባው ሲቃጠል ሽታው ተለወጠ። የቅድሙ ጉድጓድ ሽታ የት እንደገባ እንጃ።

እሳቱ ዳር ተቀምጠው የተረኩልን ያ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ከዘረዘረው ሁሉ ይበልጥ ነበር። አንድ እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ የዘንድሮም፣ የካቻምናም፣ የዚያኛው ዓመትም ይቆማል፤ የእንሰት ጓሮ አይተህ የቤተሰቡን የሚመጡ ዓመታት መቁጠር ትችላለህ። ሲደርስ ሴቶቹ በደቦ ይወጣሉ፤ ግንዱን እንጨት ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይወቅጡታል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ነው፤ ገንፎው ለአራስ። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ነው። ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ፣ ለቅቤ መጠቅለያ፣ የቀረው ለከብት። ከተክሉ የሚጣል ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። የዱሩ እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አለ፤ አልምቶ ምግቡ ያደረገው ግን የእኛ አገር ገበሬ ብቻ ነው፤ ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ ይመገበዋል። ፈረንጆቹ «ሐሰተኛ ሙዝ» ይሉታል። ሐሰተኛው ማን እንደሆነ ድርቅ ሲመጣ ይለያል።

ቆጮው በአይብና በጎመን፣ ቅቤ ጠብ ተደርጎበት፣ ከሚጥሚጣ ጋር ቀረበ። ልጁ ሦስት ጊዜ ተጨመረለት። ይህ ቆጮ አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ሲገባ ባለ ክራቫቱ ሁሉ «ቆጮ ጨምርልኝ» ይልበታል፤ በተወለደበት ጓሮ ግን እንግዳ ሲመጣ ይሸፈናል። ይህን የማይረባ ነገር ማን እንዳስተማረን አስባለሁ። ከፊሉ ትምህርት ቤት ይመስለኛል፣ ከፊሉ የከተማ ኩራት።

ኀፍረቱ ብቻ አይደለም ግን። ልንሄድ ስንል ገንዘብ ሰጠኋቸው። ተቆጡ! «ኧረ ምን ብዬ! እንግዳ አይደላችሁም እንዴ?» እጄን መለሱት። በመጨረሻ ብሩን ረከቦቱ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ፤ እንደ ሌባ። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የገባኝ። በዚህ አገር ፈረስ ይከራያል፣ ታንኳ ይከራያል፣ መንገድ ማሳየትም ይሸጣል፤ የቤት ምግብ ግን ለእንግዳ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ወጉ ትልቅ ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ። ፈረሱ የወንድ ነው፣ ታንኳው የወንድ ነው፣ አስጎብኚውም ወንድ ነበር። ያን ቀን ከከፈልነው ውስጥ ለሴት እጅ የደረሰው ረከቦት ሥር የተሸጎጠው ብቻ ነው። የመሬቱን እውቀት የያዘችው ግን እሷ ናት።

መፍትሔው ሩቅ ያለ አይመስለኝም። ፈረስ በተራ ነው፣ ታንኳ በተራ ነው፤ ምጣዱም በተራ ይሁን። እንግዳው መግቢያው ላይ ትኬት ሲቆርጥ የምሳውን አብሮ ይክፈል፣ ባለተራዋ ቤት ሄዶ ይፋቅ፣ ይክተፍ፣ ይብላ፤ እሷ ደግሞ ገንዘቧን ተራውን ከሚያወጣው ማኅበር ትቀበል። ከእንግዳዋ እጅ ብር አልተቀበለችም፤ ወጓም አልተነካም። አንድ ስጋት አለኝ፤ ነገሩ ቲያትር እንዳይሆን። ባህላዊ ልብስ አልብሰው፣ ከበሮ አስመትተው፣ ለፎቶ ብቻ ቆጮ የሚያስጨምቁ ሰዎች እንደሚመጡ አውቃለሁ። ስለዚህ የምትበላው የቤቱ የዕለት ምሳ ይሁን፤ ቤቱ ጾም ከሆነ ጾም።

ነገሩ የወንጪ ብቻ አይደለም። ከጊንጪ ወደ ውስጥ የደንዲ ሐይቆች አሉ፤ ጭሊሞ ደን አለ፣ ገበሬው ራሱ ከመንግሥት ጋር ተፈራርሞ የሚጠብቀው። ጭሊሞ ውስጥ ዛፍ በዛፍ የሚያስጎበኝ ሽማግሌ ይጠፋል? አምቦ ራሷን ተመልከቷት፤ ሰንቀሌ የሚፈልቀው ውኃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመላ አገሪቱ ጋዝ ያለው ውኃ ሁሉ «አምቦ» እስኪባል ስሟን አዙሯል። ለጭኮዋ ግን ይህ ዕድል አልደረሳትም። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ መንገደኛ ሳምንት የሚሰነብትበት ስንቅ! አምቦ ቁርስ ስንበላ በነበረበት ቤት ጭኮ ጠይቄ ነበር። አስተናጋጇ ሳቀችና «እሱ እኮ የቤት ነው» አለችኝ። ለዚህ ነው እንቁላሉን ያዙልኝ ያልኳችሁ።

ወንጪ የምትሄዱ ካላችሁ በዋዜማው ለአስጎብኚያችሁ ደውሉና «ምሳ የእናንተን ነው የምንበላው» በሉት።  የቤቱ እመቤት ዳቦ ላስመጣ ካለቻችሁ እምቢ በሉ። ስለ ሽታው አታስቡ፤ እስከ ሁለተኛው ጉርሻ ድረስ ነው።