ጡት እየጠባ አለርጂ ላስቸገረው ሕፃን፣ እዚያና እዚህ

ጡት ብቻ የሚጠባ የሦስት ወር ሕፃን ካካው ላይ የደም ክር ሲታይ እናቱ የምታገኘው መልስ እንደ አገሩ ይለያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዝዞላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ደግሞ «እነዚህን አትብዪ» የሚል ዝርዝር ትቀበላለች፤ አንዳንዷም ጡቱን ትታ ፎርሙላ እንድትጀምርለት ይነገራታል። ሁለቱም መልሶች ፈጥነው የሚሰጡ ናቸው። ምክንያቱ በትክክል እስኪታወቅ ከእናቲቱ የማይለይ፣ ጡቷንም የማያስጥላት ሰው ግን እዚያም እዚህም ይጎድላል።

ይህን የምለው የአገር ቤቱን ጤና ባለሙያ ለመውቀስ አይደለም። በጤና ጣቢያ የሚሠራበት የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ ሕክምና መመሪያ፣ ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ተቅማጡ ውስጥ ደም ከታየ ዲሴንተሪ ብሎ ይመድበዋል፤ ሕክምናውም አንቲባዮቲክ ነው። ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ልጅ በሚገድልበት አገር ይህ አሠራር ትክክል ነው። የሚያሳስበኝ ትኩሳት የሌለው፣ ክብደቱ በደንብ የሚጨምር፣ እየሳቀ የሚጠባ ልጅም እዚያው መደብ ውስጥ መውደቁ ነው። የዚህ ልጅ ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። እናቱ የጠጣችው የላም ወተት ፕሮቲን በጥቂቱ ወደ ጡቷ ወተት ያልፍና ታችኛውን አንጀቱን ያስቆጣዋል። አብዛኞቹን ልጆች ዓመት በሚሞላቸው ገደማ አለርጂው ይተዋቸዋል።

የዚህ ዓይነቱ አለርጂ በደምም ሆነ በቆዳ ምርመራ አይታይም። መለያው ሙከራ ብቻ ነው። እናት ወተትና የወተት ተዋጽኦን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ትተዋለች፤ ደሙ መቆሙ ይታያል። ከዚያ ወተቱን መልሳ ትጀምራለች፤ ደሙ ይመለስ እንደሆነ ይታያል። ላቦራቶሪ የማይጠይቅ፣ የትኛውም ወረዳ ላይ ሊሠራ የሚችል ምርመራ ነው።

ይህን የሚነግራት ከሌለ ቤተሰቡ የራሱን ስም ያወጣለታል። ልጁ ካስታወከ እንጥሉ ነው፣ ካስቀመጠው ግግ ነው ይባልና እንጥል የሚቆርጥ ወይም ያልበቀለ ጥርስ ከድድ ፈልቅቆ የሚያወጣ ሰው ይጠራል። የሚደማውና የሚመረቅዘው ምንም የማይገድለው አለርጂ የነበረበት ልጅ ሊሆን ይችላል። ልማዱን ማውገዝ ብቻውን አያስቆመውም። የተጨነቀች እናት የልጇን ሕመም ምንነትና ቀጥሎ የምታደርገውን ነገር ጤና ጣቢያው ካልነገራት፣ የሚነግራት ሰው ዘንድ መሄዷ አይቀርም።

የእኔ ልጅ ደም የታየባት እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ቤቱ ቅቤ ቅቤ በሚሸትበት ጊዜ ነው። ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በወተት ነበር። የሕፃናት ሐኪሟ ልጅቷን መርምረው፣ ክብደቷን አይተው፣ አለርጂ ሊሆን እንደሚችል በመጀመሪያው ቀን ነገሩኝ። ይህን ቀላል ነገር አላደርገውም፤ አገር ቤት ብሆን ስንት ወር ሊፈጅብኝ ይችል እንደነበር አስባለሁ። የተሰጠኝ ወረቀት ግን ወተትን፣ አኩሪ አተርን፣ እንቁላልን፣ ስንዴን፣ ለውዝንና ዓሣን ባንድ ጊዜ የሚከለክል ነበር። በምትኩ የተጻፈልኝ ኪኖዋ፣ የአልሞንድ ቅቤ የሌለበት ስሙዚና የቱርክ ሥጋ ነው። እናቴ ስተረጉምላት ዝም ብላ አዳመጠችና «ታዲያ ምን በልተሽ ነው ጡትሽ የሚሞላው?» አለችኝ። ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነበር። የራባትና የደከማት እናት ማጥባቱን ትተዋለችና።

መልሱ ከጓዳችን አልጠፋም። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ገበታ ማሰናዳት ለኢትዮጵያዊት እናት አዲስ ነገር አይደለም። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ አተር ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ሁሉም በዘይት የተቁላላ የጾም ምግብ ነው። የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ስንዴ የለበትም። ከዚህ ላይ ሥጋውን በዘይት ሠርቶ መጨመር ይቻላል። የጾም ሰዓት መጠበቅ ግን የለም፤ ቤተ ክርስቲያንም የምታጠባ እናትን በጾም አታስገድድም። የሚወሰደው ወጡ እንጂ ረሃቡ አይደለም። የትኛውም የሥነ ምግብ ባለሙያ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እናቲቱን በደቂቃዎች ውስጥ ሊረዳት ይችል ነበር።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች አሉ። የተነጠረ ቅቤ አብዛኛው ፕሮቲኑ ቢወጣም ርዝራዥ ይቀራል፤ ስለዚህ በሙከራው ሳምንታት እሱም ይቆማል። እዚህ የሚሸጥ ዳቦና ብስኩት ወተት ሊኖርበት ስለሚችል መለያውን ማንበብ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝና የመሳሰሉትን በግልጽ መጻፍን ያስገድዳል፤ ሰሊጥም ከጥር 2023 ጀምሮ ገብቷል። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ሽሮና በርበሬ ግን መለያ የለውም። ውስጡ ምን እንዳለ የምታውቀው ያዘጋጀችው ሴት ናትና እሷን ደውሎ መጠየቅ ነው። የምታጠባ እናት በቀን ወደ 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። ጤፍና ጎመን ይረዳሉ፣ አይበቁም፤ ወተት ስታቆም ስለ ካልሲየም እንክብል ሐኪሟን ትጠይቅ።

ከልቤ የማዝነው ግን በሁለተኛው የሙከራ ክፍል ነው። ደሙ ሲቆም ሁሉም ደስ አለው፤ ወተቱን መልሼ እንድሞክር የነገረኝ ግን አልነበረም። ያለዚህ ምርመራው ግማሽ ነው፤ ደሙ በራሱ ጊዜም ሊቆም ይችላልና። በአውሮፓ 9 አገሮች ከ12,000 በላይ ሕፃናትን የተከታተለው የዩሮፕሪቫል ጥናት፣ በሙከራ የተረጋገጠ የላም ወተት አለርጂ ያገኘው ከ1 በመቶ ባነሱት ላይ ነው። በማሳቹሴትስ 903 ጨቅላዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ 17 በመቶው የአንጀት አለርጂ አለባቸው ተብለው በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ሁለቱ ጥናቶች የለኩት አንድ ነገር አይደለም፤ አለርጂ መባልና አለርጂ መሆኑ መረጋገጥ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ግን ያሳያሉ። በእኛ ሰፈር ከዓመት በላይ እንቁላልም ወተትም ሳይቀምሱ የቆዩ፣ ከስተው በመጨረሻ ማጥባቱን የተዉ እናቶች አውቃለሁ። እኔ ጠይቄ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ፣ አንድ በአንድ መለስኩ። በእርጎው ደሙ ተመለሰ፤ በእንቁላሉ፣ በስንዴውና በቀሩት ምንም አልሆነችም። የስድስት ነገር ክልከላ አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ፎርሙላውን በተመለከተ፣ በደንብ የተሰባበረ ፕሮቲን ያለው ወይም በአሚኖ አሲድ የተሠራው ለሚያስፈልገው ልጅ ሕይወት ነው፤ እናት ማጥባት ካልቻለች ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ግን ማጥባት የምትችለዋን ማስጣል ቀላል ውሳኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በሚሺጋን ስተርጂስ የሚገኘው የአቦት ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም የአለርጂ ፎርሙላ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ በዚያ ፎርሙላ የሚኖሩ ሕፃናት ወላጆች ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ሲፈልጉ ነበር። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለው ፎርሙላ በደህናው ቀንም እንደ ልብ አይገኝም። ጡቷን የያዘች እናት ቢያንስ ይህ ጭንቀት የለባትም።

እዚህ ያለው ጥሩ ነገር እዚያ ቢገኝ፣ የእዚያውም እዚህ ቢገኝ እመኛለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የጤና ሕግ ኢንሹራንስ የጡት ማጥባት ምክርንና የወተት ማለቢያ ፓምፕን እንዲሸፍን አስገድዳለች። ቤት ድረስ መጥቶ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሏት። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 59 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ሙከራውን ለመከታተል ከዚህች ሠራተኛ የተሻለ ሰው የለም፤ የተጀመረበትን ቀን ትጽፋለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታያለች፣ ወተቱ የሚመለስበትን ቀን ትነግራለች። የሕክምና መመሪያው ላይ ከዲሴንተሪው መስመር ሥር «ጡት ብቻ ይጠባል? ትኩሳት የለውም? ክብደቱ ይጨምራል?» የሚሉ ጥያቄዎች ቢጨመሩ ለእሷ በር ይከፍቱላታል።

ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ክሊኒኮች የምጠይቀው ቀላል ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ። መጀመሪያ የሚቆመው ወተት ብቻ መሆኑ፣ በምትኩ የሚበላው የጾም ወጥ፣ ወተቱ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበት። ከታች ደግሞ በጉልህ፣ ልጁ አንድ ነገር ቀምሶ ወዲያው ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ወይም ደጋግሞ አስታውኮ ከዛለና ከገረጣ፣ ይህ ሳምንት የሚጠበቅበት ሙከራ እንዳልሆነ ይጻፍ። እዚህ 911 ይደወላል፤ አገር ቤት ደግሞ ሳይዘገይ አቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ይሮጣል።