ትልቁ ቁጥርና የእናንተ መዋጮ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ! ለላባችን ያገለገለ ሰርቨር ገዝተናል። ገንዘቡ የእናንተ መዋጮ ስለሆነ ሒሳቡን ልንገራችሁ።

ሻጩ ሁለት አቀረበልን፦ ዚዮን ኢ5-2670 ያለውና ኢ5-2680 ቪ2 ያለው። የመጀመሪያው የ2012 ነው፤ 8 ኮር፣ 2.6 ጊጋኸርዝ። ሌላው የ2013፤ 10 ኮር፣ 2.8 ጊጋኸርዝ። ሁለቱም 115 ዋት፣ ሶኬታቸው አንድ፣ ራማቸው ዲዲአር3። ኮሩን በፍጥነቱ ብታባዙት ቪ2 በሲሶ ያህል ይበልጣል። ዋጋውም ይበልጣል! እውነቱን ለመናገር ልቤ እሱ ላይ ነበር።

አብሮኝ የሄደው የ12ኛ ክፍል ልጅ ግን ቀስ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ምን ልንሠራበት ነው?» አለኝ።

አፈርኩ። የምንፈልገው እኮ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ዊኪፒዲያና የትምህርት ቪዲዮ ነው። ለዚህ 8ቱ ኮርም ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ብዙ ልጅ አንድ ላይ ሲከፍት የሚያንቀው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ርካሹን ወስደን በተረፈው ብር ኤስኤስዲ ገዛን። ሥራው ሲበዛ ቪ2ን ለብቻው መግዛት ይቻላል፤ ባዮሱ ከታደሰ አብዛኞቹ ቦርዶች ይቀበሉታል።

«መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ» እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩባችሁ? ይኸው እኔው ሳላነብ ልመልስ ነበር። ተመስገን፣ የሰማኝ ተማሪ አለ።